የስምንት ሰዓቱ ሽሮፕ

ስህተቱ የእኔ ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም። በሌላ ሰው ላላክክ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ምላሴ ስለተሳሰረብኝ ነው።

ሥራዬ ማስተባበር ነው። ሐኪም ቤት «ከእንግዲህ በቤታችሁ አስታምሙ» ብሎ የሸኛቸው በጠና የታመሙ ልጆች አሉ። እነሱ ሕመም እንዳይበረታባቸው፣ ቤተሰባቸውም ብቻውን እንዳይቀር ሰውና መድኃኒት አገናኛለሁ። አስራ አንድ ቤት፣ ስድስት በጎ ፈቃደኞች፣ በየሁለት ሳምንቱ ቤት ለቤት የምትዞር አንዲት ነርስ፣ ከጤና ጣቢያው ጓሮ የተሰጠችን አንዲት ክፍል፣ አንድ ስልክ፤ ያለኝ ይኸው ነው። የትኛው ቤት ፋሻ አለቀ፣ የትኛዋ እናት ለሦስት ቀን ዓይኗን አልከደነችም፣ የትኛው አባት እቤቱ መግባት ፈርቶ ጎረቤት ያመሻል፣ ያንን ማወቅ የእኔ ፋንታ ነው። ከዚህ በፊት ሃያ ዓመት የአውቶቡስ ትኬት ቆርጫለሁ። ድምፄ ከዚያ የተረፈኝ ነው፤ ነርሷ «እትዬ፣ ቀስ ይበሉ፣ የታመመ ሰው ያለበት ቤት ነው» እያለች ትቆጣኛለች። ሥራዬን የሰማ ሁሉ ፊቱ ዳምኖ «እንዴት ይችሉታል?» ይለኛል። የምችለው መስሎት ነው።

ወደ ቤት የምንልከው የሕመም ማስታገሻ ሞርፊን ነው፤ በሽሮፕ መልክ፣ በቡናማ ጠርሙስ። በየአራት ሰዓቱ ይሰጣል። ከልኩ ካነሰ ልጁ ሲያቃስት ይውላል። ከልኩ ካለፈ ደግሞ ልጁን እንቅልፍ ይጥለውና መተንፈስ ይረሳል። የሚሰጡት እናቶች ናቸው። ግማሾቹ ፊደል አልቆጠሩም፤ የቆጠሩትም ቢሆኑ እንቅልፍ ባጣ ዓይን ሲሪንጅ ላይ ያለችውን የጉንዳን እግር የምታህል ቁጥር አያዩዋትም። ስለዚህ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም መስመር አሰምርላቸዋለሁ። «እስከዚህ ሳቢ፣ ከዚህ እንዳታልፊ።» በቃ። ዘዴው የእኔ ነው፤ ነርሷ ስብሰባ ላይ አመስግናኛለች፣ እኔም ሳልጠየቅ ለማንም አወራዋለሁ። ልጆቹ «እትዬ መስመር» ብለው ስም አውጥተውልኛል።

ከልጆቹ አንደኛዋ ዳኛ ናት። እሷንም እንደዚያ ብለው የጠሯት የግቢው ልጆች ናቸው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ካንሰሩ ከጭኗ አጥንት ተነስቶ ወደ ዳሌዋ ወጥቷል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አልጋዋን ከመስኮቱ ሥር አስጠግተውላት፣ ከታች የሚጫወቱትን ስትዳኝ ትውላለች። ኳሷ አልፋለች፣ አላለፈችም፤ ማን ነው ቀድሞ የገፋው፤ ተጣልተው አንገታቸውን ወደ ላይ አቅንተው ፍርድ ይጠብቃሉ። እኔንም ትዳኘኛለች። አንድ ቀን ገና ሳልቀመጥ «ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ተጣልተው መጡ?» አለችኝ። ከታክሲ ረዳት ጋር ተጣልቼ ነበር።

እናቷ ለስፌት ቤቶች የቁልፍ ቀዳዳ እየሠራች ከቤት ሳትወጣ የምትኖር፣ ዝምተኛ፣ ንጹሕ፣ ሁሉን በልኩ የምታደርግ ሴት ናት። አባትየው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በወር ሁለት ጊዜ ብቅ ቢል ነው። የእናትየዋን የመድኃኒት መከታተያ ወረቀት ብታዩት፣ ልጅቷ ሽሮፑን ከጀመረች አስራ አንድ ቀን ነው፣ በየአራት ሰዓቱ አንድ ምልክት፣ አንድም የተዘለለ ሣጥን የለም። እኔም ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ለሌሎቹ እናቶች «እንዲህ ነው እንጂ» እያልኩ ሳሳያቸው ሰነበትኩ። የዚያ ሰፈር በጎ ፈቃደኛ አራስ ስለሆነች ቤቱን ራሴ ይዤው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት መድኃኒት ቤቱ አንድ ሰዓት ሙሉ አቆመኝ። ፋርማሲስቱ ትሑት ልጅ ነው። ሦስት ጠርሙስ በመስኮቱ ሲያቀብለኝ «እትዬ፣ ይህችን ወረቀት አንብበው ይፈርሙ» አለኝ። እኔ ደግሞ ስለ ወረፋው ንግግር ጀምሬ ነበር፤ ንግግር ከጀመርኩ ማቆም አልወድም። እየተናገርኩ ፈረምኩ፣ እየተናገርኩ ወጣሁ። አንዱን ጠርሙስ አምስት ሰዓት ላይ ዳኛ ቤት አደረስኩ፤ ሊያልቅ የደረሰው የእነሱ ነበር። እናትየዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ተቀበለችኝ። «ተኝታለች» አለችኝ። እኔም ቸኩዬ ነበር፣ አልገባሁም። «እንደ ወትሮው ነው፣ እስከ መስመሩ» ብያት ወረድኩ።

ሁለቱን ጠርሙስ ለከሰዓት አስቀርቼ ክፍሌ ገባሁ። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ቁጥራቸውን መዝገብ ላይ ልገለብጥ መነጽሬን አደረግኩ። ጠርሙሱ ያው ቡናማ ነው፣ ክዳኑም ያው ነጭ። ድሮ አንድ ይል በነበረበት ቦታ ግን አምስት ይላል። በአንድ ሚሊ ሊትር አምስት ሚሊ ግራም። ሁለተኛውን አነሣሁ፤ አምስት። የፈረምኩበትን ወረቀት ከቦርሳዬ አወጣሁ። «የሽሮፑ ጥንካሬ የተለወጠ መሆኑን እንዲያውቁት» ይላል፣ ከሥሩ የእኔ ፊርማ፣ ያ የምኮራበት ፊርማዬ።

ክው ብዬ ቀረሁ። እስከ መስመሩ ማለት አምስት እጥፍ ማለት ነው። ቀጣዩ መድኃኒት የሚሰጠው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የግድግዳው ሰዓት ለስምንት ሃያ አምስት ጉዳይ ይላል።

እናትየዋ ጋ ደወልኩ። ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። ያቺ የተቀዳች ሴት በዚያ በተረጋጋ ድምፅዋ «የደወሉላቸው ደንበኛ» ማለት ስትጀምር ዘጋሁባት፤ ደግሜ ደወልኩ፣ ደግማ ጀመረች። ከዚያ ቤት ሌላ የማውቀው ቁጥር የለም። ሁልጊዜ በመጀመሪያው ጥሪ ስለምታነሣ ሌላ ቁጥር ልጠይቃት አልታሰበኝም ነበር። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነርሷ ጋ ደወልኩ። «ልጄ፣ ጉድ ሠርቻለሁ» ብዬ ነገርኳት።  

«ከደረሱ በኋላ ብቻዋን እንዳይተዉአት» አለች። «ትንፋሿን ይቁጠሩ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ፣ በሰዓት እያዩ። እየቀነሰ ከሄደ፣ ከአስር ከወረደ፣ እየቀሰቀሱ ወደ ሆስፒታል ነው። ብሌኗንም ይዩ፤ የመርፌ ጫፍ አክሎ ከጠበበ መድኃኒቱ በዝቶባታል ማለት ነው። እኔ ለአምቡላንስ እደውላለሁ፣ ቢያንስ አርባ ደቂቃ ነው ግን። እትዬ፣ ይሰማሉ?»

«እሰማለሁ።»

«ይጻፉት።»

መዳፌ ላይ ጻፍኩት። ስክሪብቶው በላቤ ላይ አልጽፍ ብሎ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ።

መንገዱን ለውሃ ቧንቧ ቆፍረውታል። መኪኖቹ አንድ በአንድ ነው የሚያልፉት። «እባክህ ልጄ፣ ትንሽ ፈጠን በል» አልኩት ሾፌሩን፤ እሱም በመስታወቱ እያየኝ «እናቴ፣ በላያቸው ልብረር?» አለኝ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ብለው ተረቱብኝ። ሌላ ቀን ቢሆን መልስ ነበረኝ። ያን ቀን ግን እውነታቸውን ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ያፈሰስኩትን የምለቅምበት ጊዜ አልነበረኝም።

ስምንት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ገና ቁፋሮው ጋ ነበርን። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው በሰዓቱ ይምጣ ብዬ የጮህኩ ሴት፣ አንዲት እናት እንድታረፍድ ጸለይኩ። ይተኛባት፣ አልኩ። እንግዳ ይምጣባት፣ ክሩ ይወሳሰብባት፣ ሲሪንጁ ከአልጋ ሥር ይግባ። ከዚያ ያ ወረቀት ትዝ አለኝ፣ አንድም የተዘለለ ሣጥን የሌለበት። ይህቺ ሴት ሰማይ ቢደፋ አታረፍድም።

እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ ከልጅቷ ቀጥሎ የፈራሁት ለራሴ ነው። ምን ይሉኛል፣ ማን ያስረኛል፣ ክፍሏን ይዘጉብናል፣ አስሩ ልጆች ምን ይሆናሉ። ነገ ጠዋት በሰፈሩ ሁሉ «ያ መድኃኒት ገደላት» ከተባለ አንዲት እናት ጠርሙሱን በእጇ አትነካም። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት፤ አፈርኩም፤ ማሰቡን ግን አልተውኩም። ስምንት ሰዓት ሆነ። ሾፌሩን «አውርደኝ» አልኩትና መሮጥ ጀመርኩ፤ ሩጫ ከተባለ። ጉልበቴ የትኬት ዘመን ጉልበት አይደለም።

ግቢው ስደርስ ልጆቹ ኳሱን ይዘው ይጨቃጨቃሉ። ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ወደ ሦስተኛው ፎቅ ያንጋጥጣሉ። ቀና ብዬ አየሁ፤ መስኮቱ ተዘግቷል፣ መጋረጃውም ወርዷል።

«ዳኛ የታለች?» አልኳቸው።

«ብንጠራት ብንጠራት አልመለሰችልንም» አለኝ አንዱ።

ሦስቱን ፎቅ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። በሩን አላንኳኳሁትም፣ ደበደብኩት። እናትየዋ ከፈተች፤ አንገቷ ላይ የልክ ሜትሯ፣ ጣቷ ላይ የስፌት ቆቧ። ከኋላዋ ምድጃው አጠገብ ቡናማው ጠርሙስ ቆሟል፤ ክዳኑ ተከፍቷል።

«ሰጠሻት?»

«ምን ሆኑ እትዬ? ይግቡ፣ ውሃ ላምጣልዎ።»

«የስምንት ሰዓቱን ሰጠሻት ወይ?»

አላመነታችም። «አዎ» አለች። «ልክ በስምንት ሰዓት። እስከ መስመሩ።»

የግድግዳው ሰዓት ስምንት ከሃያ ይላል። ገፍቻት ወደ ክፍሉ ገባሁ። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጉልበቷን ሆዷ ድረስ አጥፋ ተኝታለች። ተንበርክኬ እጄን ጀርባዋ ላይ አኖርኩ፤ በሰዓቴ እያየሁ መቁጠር ጀመርኩ። አስራ አራት ላይ ስደርስ የራሴን ልብ ምት እየቆጠርኩ እንደሆነ ጠረጠርኩ። እንደገና ጀመርኩ። በደቂቃ ሠላሳ አራት ሆነ። ሠላሳ አራት ብዙ ነው፤ ሽሮፑ የበዛበት ልጅ እንዲህ አይተነፍስም። ገና አልገባባትም ማለት ነው አልኩ ለራሴ፣ ጥቂት ደቂቃ አለን። ሌላ ነገር አልታሰበኝም። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ዓይንን ከፍቶ ያሳውራል።

«ልብስ ደርቢላት፣ ሆስፒታል እንሄዳለን» አልኳት እናትየዋን። «ያመጣሁልሽ ጠርሙስ ከድሮው አምስት እጥፍ ይበረታል። ሳላነብ ነው የሰጠሁሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ኋላ ትረግሚኛለሽ፣ አሁን እግሯን ያዢልኝ።»

እናትየዋ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። እኔ ክንዴን ከልጅቷ ጉልበት ሥር አስገብቼ ልሸከማት ብድግ አደረግኳት። ያን ጊዜ ዳኛ አንድ ድምፅ አወጣች። አልጮኸችም፤ ጥርሷን ነክሳ ከውስጥ የሚወጣ ነገር ነው። ሃያ ዓመት ጫጫታ ውስጥ ኖሬ፣ በዚህም ሥራ አራት ዓመት ቆይቼ እንዲህ ያለ ሰምቼ አላውቅም።

«ይተዉአት» አለች እናትየዋ። «አይንኩብኝ። አልሰጠኋትም።»

«ምን አልሽ?»

«አልሰጠኋትም። ዛሬም፣ ትናንትም። አንድ ቀንም ሰጥቻት አላውቅም።»

ልጅቷን ቀስ ብዬ ወደ አልጋዋ መለስኳት። ከዚያ ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ። «ተመስገን» አልኩ። «ተመስገን፣ ተመስገን።» እየሳቅኩ ነበር። እንባዬም ይወርዳል፣ ሳቄም አይቆምም። እንደዚያን ጊዜ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ አንድም ቀን።

«እትዬ መስመር» አለች ዳኛ ከግድግዳው ሳትዞር። «ምኑ ነው ያስደሰተዎት?»

እንባዬን ጠረግኩ።

እናትየዋ በሩ ጥግ ተቀመጠች። ለማስረዳት አልቸኮለችም፤ አስራ አንድ ቀን ያፈነችው ነገር ነው። «ከታች ፎቅ የነበረውን ልጅ ያስታውሱታል» አለችኝ። አስታውሰዋለሁ። የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። «በዚያኛው ሳምንት ሐሙስ ያንን ጠርሙስ ይዘውለት መጡ። ደረጃው ላይ አልፈውኝ ሲወጡ አይቼዎታለሁ። ቅዳሜ የልጁ አስከሬን ወጣ። ለእኔ ደግሞ ያንኑ ጠርሙስ ይዘው መጡ።»

ያ ልጅ ሳንባው አልቆ ነበር። ሽሮፑ ባይጀመርለትም ቅዳሜን አያልፍም፤ የጠቀመው አየር እያጣ እየተወራጨ እንዳይሄድ ነው። ይህን ግን ለጎረቤት ማን ነገረው? እኔ የታመመውን ቤት ብቻ ነበር የማውቀው፣ ከላዩ ያለውን አላየሁም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ይህቺ ሴት ግን ያየችው እባቡን ራሱን ነው፣ እኔ ከነቦርሳዬ ደረጃ ስወጣ።

«በየአራት ሰዓቱ እስባለሁ» አለች። «እስከ መስመሩ፣ ልክ እንዳሉኝ። ከዚያ እቃ ማጠቢያው ውስጥ እደፋዋለሁ፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ሞቷን በገዛ እጄ ላጠጣት? ቀን ላተርፍላት ብዬ ነው።»

«አንቺስ?» አልኩ ወደ አልጋው። «ፊቶቹን ሳሳይሽ ሁለተኛውን ታሳዪኝ ነበር።» አምስት ፊት የተሳለበት ካርድ አለን፤ አንደኛው ይስቃል፣ አምስተኛው ያለቅሳል፤ ልጆቹ የሕመማቸውን ልክ በዚያ ያሳዩናል። አራት ጊዜ መጥቼ አራቱንም ጊዜ «ቀላል» ብዬ መዝግቤ ሄጃለሁ።

«አምስተኛው ነበር» አለች። «እማዬ ትፈራለች። አምስተኛውን ካልኩ ስጫት ይሏታል፣ ከዚያ ታለቅሳለች።»

  ሽሮፑ አይገድልም ብዬ እንዳልምል፣ ከሩብ ሰዓት በፊት ይገድላል ብዬ በሯን ልሰብር ደርሻለሁ። እናትየዋም ይህንኑ ይዛ ጠበቀችኝ።

«ዛሬ ሰጥቻት ቢሆን ኖሮስ?» አለችኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ከእኔ የተሻሉ ሰዎች በትንሽ ነገር ይዋሻሉ። «ትሞትብሽ ነበር» አልኳት። «በእኔ ጥፋት።»

«ስለዚህ ልክ ነበርኩ።»

«ዛሬ ልክ ነበርሽ። አስሩን ቀን ግን ልክ አልነበርሽም። እኔም ልክ አልነበርኩም።»

ተነሥታ ጠርሙሱን አንጠለጠለች። ወደ እቃ ማጠቢያው ሄደች፤ እኔ አልከለከልኳትም። በምን አፌ ልከልክላት? ቧንቧውን ከፈተች፤ ጠርሙሱን ዘንበል ልታደርገው ስትል ልጅቷ ከአልጋዋ ተናገረች።

«እማዬ፣ አትድፊው።»

እናትየዋ ዞራ አየቻት።

«ስጪኝ» አለች ዳኛ። «እኔ እፈልጋለሁ። ስጪኝ።»

ቧንቧው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። ዘጋችውና ጠርሙሱን እንደያዘች መጥታ አጠገቤ ቆመች። ነርሷ ጋ ደወልኩ፤ ሁሉንም ነገርኳት፣ የእኔን ጥፋትም፣ የደፋነውንም። «የደፋነውን» ነው ያልኩት፤ እናትየዋ ቀና ብላ አየችኝ። ነርሷ አንድ ጊዜ ተነፈሰች። «እንግዲያው ለሰውነቷ አዲስ ነው» አለች። «ከአዲሱ ጠርሙስ ግማሽ ሚሊ ሊትር። ከግማሽ እንዳያልፍ። አምቡላንሱን አስቀራለሁ፤ እኔ ራሴ ማታ ላይ እመጣለሁ። እስከዚያ ትንፋሿን እየቆጠሩ ከአጠገቧ እንዳይነሡ።»

ሲሪንጁን አነሣሁ።  ስንት መቶ ሲሪንጅ ላይ መስመር ያሰመርኩበት እጅ ግማሽ ሚሊ ሊትር መሳብ አቃተው። እናትየዋ አየችው። ሽሮፑን እንደምትፈራው አውቃለሁ፤ እንዲያም ሆኖ ሲሪንጁን ወደ እሷ ዘረጋሁ።

«ቁጥሩን ታነቢዋለሽ?» አልኳት።

«አስረኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት» አለችኝ ቅር ብሏት። አስራ አንድ ቀን ሙሉ ፊደል እንዳልቆጠረች ቀለም ቀብቼ ሰጥቻት፣ ማንበብ ትችይ እንደሆነ ብዬ አንድ ጊዜ አልጠየቅኳትም። ሲሪንጁን ተቀበለችኝ። የጠርሙሱን ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበች፤ አምስት፣ አለች፣ ግማሹ ሁለት ተኩል። የቁልፍ ቀዳዳ የሚሠራ ዓይን ነው፤ ወደ ብርሃን ዘርግታ ሳበችው፣ ትንሽ መለሰችው፣ አሳየችኝ። ልጅቷ አፏን ከፈተች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ለጠላቴም አልመኘውም። እናትየዋ በአንድ ወገን እኔ በአንድ ወገን ተንበርክከን መዳፋችንን አጥንት በአጥንት በሆነ ደረቷ ላይ አድርገን እንቆጥራለን። ሠላሳ ሦስት። ሠላሳ። ሃያ ስድስት። ቁጥሩ ሲወርድ የእናትየዋ ፊት አብሮ ይወርዳል። «እየሄደች ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «አይደለም፣ ሕመሙ እየለቀቃት ነው» አልኳት፤ እኔ ራሴ ግን በየደቂቃው የጠርሙሱን ጽሑፍ ደግሜ አነብ ነበር። ሃያ ሁለት ላይ ልጅቷ እንቅልፍ ወሰዳት፣ አፏ ተከፈተ፣ እጇ ከአልጋው ተንጠለጠለ። እናትየዋ ክንዴን ያዘች፤ ጥፍሯ ገባብኝ፤ እኔም አላስለቀቅኳትም። ሃያ። አስራ ዘጠኝ። ደግመን አስራ ዘጠኝ። እዚያ ላይ ቆመ። አልወረደም። ሦስት ጊዜ ቆጠርን፣ ሦስቱንም ጊዜ አስራ ዘጠኝ ነው፤ ጤነኛ ልጅ ሲተኛ የሚተነፍሰው ትንፋሽ ነው።

እግሯ ሲፈታ ማናችንም አላየንም። ቀና ስል ቀጥ ብላ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ሁለቱም እግሮቿ ተዘርግተዋል። እናትየዋ ብርድ ልብሱን ገልጣ እግሮቹን አየቻቸው።  መልሳ አለበሰቻቸው።

አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ዳኛ ዓይኗን ገለጠች። ጣሪያውን አየች፣ እናቷን አየች፣ እኔን አየች። እግሯን ቀስ ብላ አንቀሳቀሰች፤ ቆየት ብላ ደግማ አንቀሳቀሰችው።

«እማዬ» አለች። «ሞቼ ነው እንዴ?»

«ኧረ አለሽ የኔ ልጅ። ምን ማለትሽ ነው?»

«አያመኝም እኮ።»

እናትየዋ ፀጉሯን ዳሰሰቻት። «ስለተሻለሽ ነው» አለቻት። «መድኃኒቱ ነው።»

«እኔ ደግሞ ስጠጣው የምሞት መስሎኝ ነበር» አለች ልጅቷ። «እንደ ታችኛው ልጅ።»

«እያወቅሽ ነው ስጪኝ ያልሽው?»

«አዎ» አለች። «በጣም አሞኝ ነበር።»

እናትየዋ ግንባሯን አልጋው ጠርዝ ላይ ደፋች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ ግን የለውም።  ብዙ ቆየች። ከዚያ ፊቷን ሳታነሣ፣ የሚቀጥለው በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«አንድ ሰዓት ላይ ነው» አልኳት።